«የሚገድል ከሆነ ለምን ያስተነፍሱኛል? የማይገድል ከሆነስ ለምን ያስፈራሩናል?»

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። አንድ የጥናት ማዕከል ጤነኛ ፈቃደኞችን እንደሚፈልግ አይቼ ተመዘገብኩ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሁለት ሰዓት የተበረዘ የናፍጣ ጭስ እየተነፈስኩ በየመሀሉ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት እመታለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ በንጹህ አየር እደግማለሁ። በማግስቱ ደምና አክታ ይወስዳሉ። ክፍያ አለው። የሰጡኝ የስምምነት ቅጽ ሰባት ገጽ ሲሆን ስለ ጉዳቱ የሚለው «የጉሮሮ መከርከርና ሳል ሊያጋጥም ይችላል» ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «የመኪና ጭስ በየዓመቱ ሚሊዮኖችን ይፈጃል የሚሉን እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የሚገድል ከሆነ አንቺን ክፍል ዘግተው ማስተንፈሳቸው ወንጀል ነው። የማይገድል ከሆነ ደግሞ እስከዛሬ ሲያስፈራሩን የኖሩት ውሸት ነው። ከሁለት አንዱ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ? በልጅነቴ ደግሞ አስም ነበረብኝ፤ አሁን የለም። ይህን ከነገርኳቸው ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ።
ሁለት ልብ የሆነችው

መልስ፦ እህታችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ እንጀምር፤ እሱ ለነገ የሚባል አይደለም። የልጅነት አስምሽን ዛሬውኑ ንገሪያቸው። አስም «ለቀቀኝ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የለቀቀው ምልክቱ ነው፤ የአየር ቧንቧው ቶሎ የመቆጣት ጠባይ ግን ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ይህን ጠባይ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ጭስና የሰውነት እንቅስቃሴ ዋነኞቹ ናቸው። አንቺ በተጠራሽበት ክፍል ውስጥ ሁለቱም አብረው ይጠብቁሻል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ይህን ሲሰማ ወይ ያስቀርሻል፣ ወይ ቧንቧው አሁንም ቁጡ መሆኑን ይፈትናል። ለዚህ የሚሠራበት ሜታኮሊን የሚባል መድኃኒት ነው፤ ከትንሽ መጠን ጀምረሽ እየጨመርሽ ትስቢያለሽ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ በመጀመሪያው ሰከንድ የምታወጪው ትንፋሽ ይለካል፤ በትንሽ መጠን ገና 20 በመቶ ከቀነሰ ቧንቧሽ ቁጡ ነው ማለት ነው። ያኔ መቅረትሽ ላንቺም ለጥናቱም ይበጃል፤ ምክንያቱም የተደበቀ አስም ያለባት አንዲት ተሳታፊ የሃያ ጤነኛ ሰዎችን ውጤት ልታዛባ ትችላለች።

ወደ ወንድምሽ ሙግት እንሂድ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሰሜን ካሮላይና ቻፕል ሂል ባለው ቤተ ሙከራው ፈቃደኞችን የናፍጣ ጭስና ከውጭ አየር የተጠራቀመ ብናኝ ያስተነፍስ ነበር። ይህንኑ የወንድምሽን ሙግት ይዘው የተነሱ ሰዎች ጉዳዩን በ2012 ፍርድ ቤት ድረስ አደረሱት። ሙግቱ ግን አንድ የተደበቀ ስህተት አለው። «ይገድላል» የሚለውን ቃል ለአንድ ሰውና ለአንድ ከተማ በአንድ ትርጉም ይጠቀምበታል።

በቁጥር እናሳይሽ፤ እርሳስ አንሺና አብረሽን አስይ። በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የጭስ መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 300 ማይክሮግራም ብናኝ ነው። ብስክሌቱን እየመታሽም እያረፍሽም በአማካይ በደቂቃ 20 ሊትር አየር ትተነፍሻለሽ እንበል፤ በሁለት ሰዓት 2,400 ሊትር፣ ማለትም 2.4 ኪዩቢክ ሜትር ይሆናል። በ300 ሲባዛ 720 ማይክሮግራም፣ አንድ ሚሊግራም የማይሞላ ብናኝ ወደ ሳንባሽ ይገባል። አንድ ሰው በቀን 15 ኪዩቢክ ሜትር ያህል አየር ይተነፍሳል፤ ብናኙ 35 ማይክሮግራም በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው በየቀኑ 525 ይስባል ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ የምትስቢው የዚያ ከተማ ነዋሪ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከሚስበው አይበልጥም። አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ወደ 10 ሚሊግራም ይስባል፤ የአንቺ ድርሻ የዚያን አሥረኛ እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ሞቱ እንምጣ። በ24 አገሮች 652 ከተሞችን ያካተተና በ2019 የታተመ ጥናት እንዳገኘው፣ የሁለት ቀን አማካይ ደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5 የሚባለው፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው) በ10 ማይክሮግራም ሲጨምር የዕለቱ ሞት በ0.68 በመቶ ይጨምራል። ያንቺን 720 ማይክሮግራም በቀን 15 ኪዩቢክ ሜትር ላይ ብናከፋፍለው የዕለት አየርሽ በ48 እንደጨመረ ይቆጠራል፤ 50 እናድርገው። በስሌቱ መሠረት የዚያ ቀን የሞት ዕድልሽ በ3.4 በመቶ ከፍ ይላል። ሻካራ ስሌት ነው፤ ሆን ብለንም ወደ ላይ አጋንነነዋል።

የምን 3.4 በመቶ? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጤነኛ የ34 ዓመት ሰው በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ከ1,000 አንድ ነው ብለን እንያዝ። በቀን ሲካፈል ከ365,000 አንድ ይሆናል። የዚያ 3.4 በመቶ ከ10 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ይህ ዕለት ተዕለት ሳናስበው የምንቀበለው ዓይነት ስጋት ነው። አሁን በአንቺ ቦታ ልቡ የደከመ፣ በዓመት የመሞት ዕድሉ ከአሥር አንድ የሆነ የ75 ዓመት አዛውንት ክፍሉ ውስጥ እናስቀምጥ። ያው ጭስ፣ ያው ሁለት ሰዓት፤ ተጨማሪው ስጋት ግን ከ100,000 አንድ ይሆናል፤ ካንቺ መቶ እጥፍ። ከዚያ ክፍሉን ትተን በቀን 100 ሰው የሚሞትበትን ትልቅ ከተማ እናስብ። የከተማው አየር ለአንድ ቀን በ50 ማይክሮግራም ከተበላሸ የሚሞተው 100 ሳይሆን 103 ነው። ሦስት ሰው፣ በአንድ ቀን። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ቀናት ያሉበት ከተማ ስንት ሰው እንደሚያጣ ማስላት አይከብድም።

ስለዚህ ወንድምሽ ከሁለት አንዱ ነው ያለው ልክ አይደለም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ያው ቁጥር ለአንድ ጤነኛ ሰው ከምንም የማይቆጠር፣ ለሚሊዮኖች ግን ሬሳ የሚያስቆጥር ነው። ጤነኛ ወጣቶችን መርጦ ለሁለት ሰዓት ማስተንፈስ የሚፈቀደው፣ ከተማን ለዓመታት ማስተንፈስ የማይፈቀደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

«እሺ፣ ግን ያንን ሁሉ ሰው አስተንፍሰው አንድም አልሞተም አይደል? እንግዲያው ጭሱ አይገድልም» ቢልሽ፣ የማክስ ፎን ፔተንኮፈርን ነገር ንገሪው። ይህ የሙኒክ ሊቅ ኮሌራን የሚያመጣው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የለየው ባክቴሪያ ብቻውን ነው መባሉን አላምንም ብሎ በጥቅምት 1892 የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበትን ፈሳሽ በሰው ፊት ጠጣ። ቀላል ተቅማጥ ያዘው እንጂ አልሞተም። እሱ ራሱ ይህን እንደ ድል ቆጠረው። ባክቴሪያው ግን በዚያው ዓመት በሃምቡርግ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጅቷል። ጥቂት ጤነኛ ሰዎች ጠጥተው መትረፋቸው ነገሩ የማይገድል መሆኑን አያሳይም፤ ለዚያ የሚበቃ ቁጥር አይደለም። ከ10 ሚሊዮን አንድ የሆነን ስጋት በመቶዎች ላይ በመሞከር ማየት አይቻልም፤ ሙከራውም ለዚያ አልተሠራም።

ታዲያ ለምን ይሞክራሉ? ሞት ሊመጣ ሲል በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚቀድመው ለማየት ነው። በ2007 የታተመ አንድ ሙከራ ቀደም ሲል ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አጋጥሟቸው የተረጋጉ 20 ወንዶችን 300 ማይክሮግራም ጭስ እያስተነፈሰ ብስክሌት አስመታቸው። በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ የታየው የልብ ጡንቻ የደም እጥረት ምልክት ንጹህ አየር ከሳቡበት ቀን የበረታ ነበር። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ በጭስ ማውጫው ላይ የብናኝ ማጣሪያ ሲገጠም በደም ሥርና በደም መርጋት ላይ የታየው ጉዳት መወገዱን አሳዩ። ይህን የሞት መዝገብ በመቁጠር ማወቅ አይቻልም ነበር።

እዚህ ድረስ ወንድምሽ ተሸንፏል። ግን አትቸኩይ፤ የሙግቱ ግማሽ በቅጽሽ ላይ ይሠራል።

የቻፕል ሂሉ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ስለሆነ የኤጀንሲው የራሱ ዋና ተቆጣጣሪ ቢሮ መረመረው፤ ሪፖርቱ በመጋቢት 2014 ወጣ። በ2010 እና በ2011 የተካሄዱ 81 ሰዎች የተሳተፉባቸው 5 ጥናቶችን ነበር ያየው። ደንብ አልተጣሰም፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አጽድቋቸዋል አለ። ቅጾቹ ግን ወጥ አልነበሩም። ተሳታፊው ሊስበው የሚችለውን ከፍተኛ መጠን በቁጥር የጻፈው ከአምስቱ አንዱ ብቻ ነበር። የልብ ሕመም ላለባቸው አዛውንቶች የሞት ስጋት መኖሩን የጠቀሱት ሁለቱ ብቻ። የናፍጣ ጭስ ከካንሰር ጋር ያለውን ዝምድና ደግሞ የናፍጣ ጥናቶቹ ቅጾች አላነሱትም፤ ለአጭር ጊዜ መሳብ ስጋቱ አነስተኛ ነው ተብሎ ታልፎ ነበር። ያው ተቋም ለሕዝብ ሲናገር የናፍጣ ጭስ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ይጽፋል።

የኛ ፍርድ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ማስተንፈሱ አይደለም፣ በሁለት አፍ መናገሩ ነው። ለሕዝብ የሚነገረው ለፈቃደኛዋም በዚያው ልክ፣ ከነቁጥሩ መነገር አለበት። ስጋቱ ትንሽ ከሆነ ትንሽነቱን ጻፉላት፤ ራሷ ትመዝነው። ከኑረምበርግ ፍርድ ጋር በ1947 የወጣው ባለ 10 ነጥብ ደንብ በፈቃደኝነት የሚጀምረው በከንቱ አይደለም። በአሜሪካ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 399 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች ምን እንደያዛቸው ሳይነግሩ፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክሙ አርባ ዓመት ያስቆጠሯቸው ሐኪሞች መርፌ ወግተው መርዝ አልሰጡም፤ ዋናው ወንጀላቸው መረጃ መንፈጋቸው ነበር። በ1964 የወጣውና በ2024 እንደገና የተሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫም ተሳታፊዋ ስለ ጥናቱ ዓላማ፣ ስለሚጠበቀው ጥቅምና ስጋት፣ ስለ ገንዘቡ ምንጭና በፈለገች ጊዜ ስለመውጣት መብቷ በደንብ መረዳት አለባት ይላል።

ቅጽሽ ላይ ስላለው «ሳል» አንድ ነገር እንጨምር። ሳል ቀላል ነገር ይመስላል። በ2001 ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሄክሳሜቶኒየም የሚባል ኬሚካል በትንፋሽ የሚሰጥበት ጥናት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ሳል ጀመረው፤ ለኮሚቴው ሳይነገር ጥናቱ ቀጠለ። ቀጥላ የሳበችው ጤነኛ ወጣት ሴትም ሳል ጀመራት፤ ሳንባዋ እየተጎዳ ሄዶ በአንድ ወር ውስጥ ሞተች። ኬሚካሉ ሳንባ እንደሚጎዳ የሚጠቁሙ ጽሑፎች በ1950ዎቹ ታትመው ነበር፤ ተመራማሪው የፈለገበት የኮምፒዩተር መዝገብ ግን ወደዚያ ዘመን አይደርስም ነበር። የተበረዘ የናፍጣ ጭስ ለብዙ ዓመታት የተሞከረ በመሆኑ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ዳሩ ግን ጠያቂ ሁኚ፦ ካንቺ በፊት በዚህ ክፍል ስንት ሰው ገባ? ስንቱ ምን ሆነ? ለማንስ ተነገረ? በቻፕል ሂል አንድ ተሳታፊ ብናኙን መሳብ ከጀመረች 20 ደቂቃ ያህል በኋላ የልብ ምቷ ተዛብቶ ሙከራው ወዲያው ቆሟል፤ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ምቷ ተስተካከለ። ጉዳዩም በ2012 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። እንዲህ ያለውን የማይደብቅ ቤተ ሙከራ «እስካሁን ምንም አልሆነም» ከሚለው ይልቅ ልታምኚው ይገባል።

እንግዲህ ቅጹን ይዘሽ ስትመለሺ በጽሑፍ እንዲመልሱልሽ የምትጠይቂው ይህን ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን፦ የታሰበው መጠን ስንት ነው? ስንት ሲደርስ ክፍሉ ይዘጋል? ማንስ ይዘጋዋል? እንዲህ ባለ ክፍል ሞተሩ የሚሠራው ከሕንፃው ውጭ ነው፤ የጭሱ ትልቁ ክፍል ወደ ውጭ ይለቀቅና የቀረው ጥቂት በተጣራ አየር ተበርዞ ይገባል። ሞተሩ ላይ ያለው ጫና ትንሽ ሲለዋወጥ የብናኙ መጠን በደቂቃዎች ውስጥ ሊዘል ይችላል። ብናኙን በማጣሪያ ሰብስቦ መመዘን ትክክለኛው መለኪያ ነው፤ ግን ውጤቱ የሚታወቀው አንቺ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ ነው። ስለዚህ በየሰከንዱ የሚያነብ መሣሪያ መኖር አለበት። ለብናኝ ብቻም አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም በዚያው ጭስ ውስጥ አሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር እስኪጀምርሽ አታውቂውም። «ብናኙን እንለካለን» ብቻ ካሉሽ መልሱ ጎደሎ ነው።

ቀጥሎ ካንሰሩን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 የናፍጣ ጭስን፣ በ2013 ደግሞ የውጭ አየር ብክለትን በአንደኛው ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ምድብ አስገብቷቸዋል። ይህ በቅጹ ላይ መጻፍ አለበት፤ አብሮም «ማስረጃው የመጣው ለዓመታት ጭሱ ውስጥ ከሠሩ ሰዎች ነው፤ ለሁለት ሰዓት የሚኖረው ድርሻ እጅግ ትንሽ እንደሆነ እንገምታለን» ሊሉሽ ይችላሉ። ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ብቻውን ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው ብቻውን ያታልላል።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁለት ጥያቄ አለሽ። ላንቺ የሚከፈለው በመሀል ብታቋርጪ ይቀራል ወይ? ክፍያው በየቀጠሮው ሊሰላ ይገባል፤ ዋናው ገንዘብ እስከ መጨረሻው ለጸናች ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደረትሽ ሲጨንቅሽ እንኳ «ትንሽ ልታገሥ» የሚያሰኝ ወጥመድ ነው። ሌላው፣ ጥናቱን የሚደጉመው ማን ነው? በጀርመን አኸን በጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሙከራ በ2018 አገር ያነጋገረው ኮሚቴ ሳያጸድቀው ቀርቶ አልነበረም፤ ገንዘቡ በመኪና አምራቾች ከተቋቋመ የጥናት ቡድን መምጣቱ ስለታወቀ ነው። ደጋፊው ማንም ቢሆን ውጤቱን ከመታተም ሊያስቀር እንደማይችል ተጽፎ ማየት ትፈልጊያለሽ። ጉዳት ቢደርስ ሕክምናውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። ብዙ ቅጽ እዚህ ላይ ቋንቋው ድንገት ይወፍራል፤ «አስፈላጊው እርዳታ ይደረጋል» ማለት «እንከፍላለን» ማለት አይደለም።

ከገባሽ ደግሞ፣ ከሳምንታት ወዲህ ጉንፋን ይዞሽ ከነበረ ቀጠሮው ይራዘም፤ የተቆጣ ቧንቧ ላይ ጭስ መጨመር ላንቺ አደጋ፣ ለነሱ ደግሞ የተበላሸ ውጤት ነው። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ጨርሶ አይሆንም። የምትወስጂውን መድኃኒት፣ የሕመም ማስታገሻና ቫይታሚን ሳይቀር፣ አስመዝግቢ። ኢሲጂው በሁለቱ ሰዓት ሙሉ ደረትሽ ላይ መሆን አለበት፤ ከፊትሽ በመስታወት የሚያይሽ ሰው፣ በአቅራቢያም ሐኪም። ልብሽ ሲዘልል፣ ደረትሽ ሲጨንቅ፣ ጆሮሽ ሲጮህ ወይም ሲያዞርሽ እጅሽን አንሺ፤ ምክንያት ማስረዳት አይጠበቅብሽም። የልብና የሳንባ ምላሽ ከሰዓታት በኋላም ሊታይ ስለሚችል ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይዘሽ ውጪ። በጭሱና በንጹህ አየሩ ቀን መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይኑር፤ የቱ የቱ እንደሆነ ባይነግሩሽም አፍንጫሽ ይነግርሻል፣ ይህ የእንዲህ ዓይነቱ ጥናት የታወቀ ድክመት ነው።

ለወንድምሽ ደግሞ መጠርጠሩን እንዲተው አንመክረውም፤ ጥርጣሬውን ትክክለኛው ቦታ ላይ እንዲያሳርፈው እንጂ። «ብክለት ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ገደለ» የሚለው ቁጥር ከሞት ወረቀት ላይ ተለቅሞ የመጣ አይደለም። የስጋት ጥምርታን በሕዝብ ብዛትና በመደበኛው ሞት አባዝቶ የተገኘ ግምት ነው፤ ጥምርታው ትንሽ ሲቀየር ቁጥሩ በብዙ ይቀየራል፤ አየሩ በጣም ንጹህ በሆነበት ጫፍ ላይ ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ይላላል። እዚህ ላይ መከራከር ተገቢ ነው። «በካንሰር ምድብ ገባ» ሲባልም ምድቡ የሚናገረው ነገሩ ካንሰር ማምጣት መቻሉን እንጂ ምን ያህል እንደሚያመጣ አይደለም፤ ሲጋራና በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋ አንድ ምድብ ውስጥ ያሉት ለዚህ ነው። ማስረጃ ሲለወጥ ምድቡም ይለወጣል፤ በ1991 የተጠረጠረው ቡና በ2016 ከተጠርጣሪዎቹ ወጥቷል።

«ብናኝ ራሱ ይጎዳል ወይስ አየር ንብረትና ድህነት ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ ግን መልስ አለው። በአሜሪካ ስድስት ከተሞች 8,111 ጎልማሶችን የተከታተለው ጥናት በ1993 ሲታተም በጣም በተበከለችው ከተማ የሞት መጠኑ ንጹህ ከሆነችው በ26 በመቶ በልጦ ነበር። ተጠራጣሪዎች መረጃውን አሳዩን አሉ፤ ግማሽ ወጪውን መንግሥት፣ ግማሹን የመኪና አምራቾች የሚሸፍኑለት ተቋም መረጃውን ተረክቦ እንደገና አሰላው፣ በ2000 ያወጣው ውጤትም ያው ሆነ። ከዚያ የሚበልጥብን ማስረጃ ግን የአሜሪካው ዩታ ሸለቆ ነው። በዚያ ያለ የብረት ፋብሪካ በሠራተኞች ጭቅጭቅ ሳቢያ ከነሐሴ 1986 ጀምሮ ለ13 ወር ተዘጋ። አየር ንብረቱ፣ ነዋሪው፣ ድህነቱ ያው ነው። ፋብሪካው በሚሠራባቸው ክረምቶች በብሮንካይትስና በአስም ሆስፒታል የሚተኙት ሕፃናት ከተዘጋበት ክረምት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበሩ። በአየር መለኪያው ማጣሪያ ላይ የቀረው ብናኝ ደግሞ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ቆየ። ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ከብናኙ የወጣ ፈሳሽ በብሮንኮስኮፕ (ወደ ሳንባ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በፈቃደኞች ሳንባ ውስጥ በትንሽ መጠን ጨመሩት። መጠኑ እኩል ሆኖ ሳለ ፋብሪካው ሲሠራ የተሰበሰበው ሳንባውን አስቆጣ፤ ሲዘጋ የተሰበሰበው ያን ያህል አላደረገም። በብረታ ብረት የበለጸገው የመጀመሪያው ነበር። እነዚያ ፈቃደኞች ባይኖሩ ኖሮ የፋብሪካው ጉዳይ እስከዛሬ «ምናልባት ጉንፋን ይሆናል» እየተባለ ይቀር ነበር።

እንግዲህ አስምሽን ነግረሻቸው፣ ፈትነውሽ ካለፍሽ፣ ጥያቄዎችሽንም በወረቀት ከመለሱ፣ ከነከፍተኛው መጠንና ከነካንሰሩ የተሻሻለ ቅጽ ከሰጡሽ፣ ሁለት ቀን ቤት አሳድረሽው ፈርሚ። «ይህ ዝርዝር አያስፈልግሽም» ካሉሽ አትፈርሚ፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ስልክ የቅጹ መጨረሻ ገጽ ላይ መኖር አለበት፣ ደውይና ሰባቱን ገጽ አንብቢላቸው።